አንዲት የአፈር ፍርፋሪ

ለረጅም ጊዜ ማረሻ ያልነካው አፈር፣ የቤተ ክርስቲያን ደን ጥግም ይሁን በሁለት ማሳ መካከል የቀረ ወሰን፣ በእጅ ሲቆርሱት ዱቄት አይሆንም። በራሱ መገጣጠሚያ እየተላቀቀ ወደ ትንንሽ ድቡልቡል ፍርፋሪዎች ይለያያል። ትልልቆቹ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ ትንንሾቹን ለመለየት ዓይንን ማጥበብ ያስፈልጋል። አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ የሁሉም ጠርዝ ግን የለዘበ ነው። አንዷን አንሥታችሁ በጥፍር ብትጫኗት ትንሽ ትታገላለች፣ ከዚያ ትከፈላለች። ስትከፈልም አንዳንዴ በዓይን ለመያዝ የሚያስቸግር ነጭ ክር ሁለቱን ግማሾች ይዞ ለቅጽበት ይወጠራል።

በእርሻ ማሳ ላይ ከማውቀው የሙያ ሥራ ሁሉ በዓይኔ የሚበልጠው ይህ ነው። ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶች፣ የምድር ትሎችና ቀጫጭን ሥሮች ናቸው። ገበሬው ደግሞ በየዓመቱ በሬዎቹን ጠምዶ በላያቸው ያልፋል። ስለ አስተራረስ ሲነሣ የሚጠየቀው ስንት ኩንታል እንደተገኘ ነው። እኔ ማረሻው ካለፈ በኋላ ከዚህ ሥራ ምን ያህሉ እንደተረፈም መጠየቅ እወዳለሁ፤ የከርሞው ኩንታል ከዚያ የሚወጣ ነውና።

ሥራው ከሸክላ ይጀምራል። የሸክላ ቅንጣት ከ2 ማይክሮን ያነሰች ስስ ዝርግ ናት፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ እንዲሁ ሲንሳፈፍ አይኖርም። የሞተ ሥር ወይም የቅጠል ስባሪ ፈልጎ ይለጠፍበታል፤ ራሱንም ከድርቀትና ከሚበሉት ፍጥረታት ለመከላከል ዝልግልግ ሙጫ ያመነጫል። የሸክላ ዝርጎቹ አንድ በአንድ በሙጫው ላይ ይያዛሉ። እየተደራረቡ ሄደው ስባሪውን ከነባክቴሪያው ይከድኑታል። አፈሩ ሲደርቅ ክዳኑ ይጠብቃል፣ ሲርስ ጥቂት ይላላል፣ እንደገና ይጠብቃል። እንዲህ የተሠራችው የመጀመሪያ እንክብል ከሩብ ሚሊ ሜትር አትበልጥም፤ ጥንካሬዋ ግን ያስገርማል። በውስጧ የተከደነው የቅጠል ስባሪ ከላይ ቢሆን ኖሮ በወራት ውስጥ ይበሰብስ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ግን ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ቀጥሎ የፈንገስ ተራ ነው። የፈንገስ ክር ውፍረቱ ከ2 እስከ 10 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ሥር በማይገባበት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። በአንድ ግራም ጥሩ አፈር ውስጥ ያለው ክር አንድ ላይ ቢቀጣጠል በብዙ ሜትሮች ይለካል፣ አንዳንዴም ከ100 ሜትር ያልፋል። ክሩ በትንንሾቹ እንክብሎች መካከል እየተሽሎከለከለ አንዷን ከሌላዋ ጋር ያስራል፤ የሞሰብ ስፌት ውስጠኛውን ሣር እየጠመጠመ ወደሚቀጥለው ዙር እንደሚሰፋው። ትልቋ ፍርፋሪ የምትወለደው እንዲህ ነው። ጁዲት ቲስዳልና ማልኮም ኦድስ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ይህን ደረጃ በደረጃ የሚሄድ አሠራር በ1982 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስቀምጠውታል (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከጽሑፋቸው ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ትንንሾቹን እንክብሎች የያዛቸው የደረቀና የቆየ ሙጫ ስለሆነ እርሻ ብዙም አይጎዳቸውም፤ ትልልቆቹን የያዛቸው ግን በሕይወት ያለ ክርና ሥር ነው። ክሩ ሲበጠስ ወይም ሲሞት፣ እሱን የሚተካ ካልመጣ፣ ትልቋ ፍርፋሪ ትበተናለች።

ከ18 ዓመት በኋላ በ2000 ዮሃን ሲክስና ባልደረቦቹ አንድ ነገር ጨመሩበት። አዳዲሶቹ ትንንሽ እንክብሎች በአብዛኛው የሚሠሩት በትልልቆቹ ሆድ ውስጥ ነው። ትልቋ ፍርፋሪ ስትፈርስ እንግዲህ የፈረሰው አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ በውስጧ ገና ተሠርተው ያላለቁት ሁሉ አብረው ይበተናሉ። ማሳው ቶሎ ቶሎ ሲታረስ ትልቋ ፍርፋሪ ዕድሜዋ ስለሚያጥር ትንንሾቹ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ለስለስ ብሎ የታረሰ ማሳ ሳይ ዓይኔ እንደ ድሮው በደስታ ብቻ አያይም።

የፍርፋሪዋ ውስጥ ከውጭዋ ይበልጥ ያስደንቃል። ከመጠኗ ግማሽ ያህሉ ባዶ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች ውኃውን አሳልፈው አየር ያስገባሉ፤ ጠባቦቹ ውኃውን ይዘው ለድርቅ ቀን ያቆያሉ። እጅግ ጠባቦቹ ደግሞ የባክቴሪያ መሸሸጊያ ናቸው፤ ባክቴሪያ የሚበሉት ፕሮቶዞዋዎችና በዓይን የማይታዩት ትሎች በዚያ መግባት አይችሉም። በ1985 ተመራማሪዎች በጣም ቀጭን የኦክስጅን መለኪያ መርፌ በአፈር ፍርፋሪ ውስጥ ቀስ እያደረጉ አስገቡ። ከውጭ በኩል አየሩ ሙሉ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገቡ በእርጥብ ፍርፋሪዎች መሃል ኦክስጅን የሌለበት ቦታ አገኙ። በአንዲት ሳንቲ ሜትር በማትሞላ ነገር ውስጥ አየር የሚሹም አየር የሚሸሹም ባክቴሪያዎች በየድርሻቸው ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው። በአንድ ግራም አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች፣ አንዳንዴም በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችም የሚገኙት ያለ ምክንያት አይደለም። የቤቱ ክፍል ብዙ ነው።

የፍርፋሪዋን ጥንካሬ ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ከወሰን ላይ አንድ ደረቅ ፍርፋሪ፣ ከመሃል ማሳው ደግሞ በመጠን የሚመጣጠን ደረቅ ጓል ይዛችሁ ሁለት ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ብዙ ጊዜ የታረሰው አረፋ እያወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይናዳል፤ ውኃውም ይደፈርሳል። ውኃው በየቀዳዳው ሲገባ ውስጥ የታፈነው አየር ይገፋል፤ የሚይዘው ክር ስለሌለ ግድግዳው ይፈርሳል። የወሰኑ ፍርፋሪ ግን ከሥር ይቀመጣል፣ ጥቂት አረፋ ያወጣል፣ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ከላዩ ያለው ውኃ ጥርት እንዳለ ነው። በክረምት መጀመሪያ ላይ ከማሳ የሚወርደው ቀይ ጎርፍ ይኸው የብርጭቆው ሙከራ በሄክታር ሲሠራ ነው። ዝናቡ ጓሉን ይንደዋል፤ ደቃቁ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ሲደርቅም ቡቃያው ሊገፋው የሚታገለው ቅርፊት ይሆናል።

ስለ ማረሻው መናገር ያለብኝ አሁን ነው፤ እሱም ራሱ የሙያ ሥራ ስለሆነ በክብር መናገር ይገባል። እርፉን፣ ሞፈሩን፣ ድግሩን ገበሬው ራሱ እንጨት መርጦ ይጠርበዋል። ብረቱን ከቀጥቃጭ ያገኛል። ድግሮቹ በማረሻው ግራና ቀኝ ተቀምጠው በወገሉ ይታሰራሉ፤ ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር በምራን ይያያዛል። አንድ ሰው ሁሉንም ትከሻው ላይ አድርጎ ከማሳ ማሳ ይሄድበታል። ጥልቀቱን የሚያስተካክልበት መዘውር የለውም፤ ሁሉ ነገር በእርፉ ላይ ባለች አንዲት እጅ ነው። ጫን ሲል ይገባል፣ ቀለል ሲያደርግ ይወጣል። ድንጋይ ሲመጣ ጎበዝ አራሽ ከብረቱ ድምፅ ቀድሞ በክንዱ ያውቀዋል፤ በሬዎቹም ሳይቆሙ ማረሻውን አንሥቶ ያሻግረዋል።

ለአፈሩ ሕይወት ሲባል የዚህ ማረሻ ትልቁ ጥሩነት አፈርን አለመገልበጡ ነው። የአውሮፓው ገልባጭ ማረሻ ከሥር ቆርጦ ያነሣውን አፈር ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ያስተኛዋል፤ በአየርና በገለባ የሚኖሩት ፍጥረታት ሃያ ሳንቲ ሜትር ከሥር ይቀበራሉ፣ ከሥር የነበሩት ፀሐይ ላይ ይወጣሉ። የእኛው ማረሻ ግን አፈሩን ሰንጥቆ በሁለቱ ድግሮች ወደ ግራና ቀኝ ይገፋዋል። በመጀመሪያው እርሻ፣ በገመሳ ጊዜ፣ ጥልቀቱ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ሳንቲ ሜትር አይዘልም። ገለባውና ቃርሚያው በከፊል ከላይ ይቀራል። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የትልሙ ቅርጽ ነው፦ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ስለሆነ፣ በሁለት ትልሞች መካከል ከሥር ያልተነካ የአፈር ጀርባ ይቀራል። በዚያ ውስጥ የፈንገሱ ክር ሳይበጠስ፣ የትሉ መንገድ ሳይደፈን፣ ያለፈው ሰብል ሥር በቦታው ሆኖ ይከርማል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ገልባጭ ማረሻን ወደ ደጋው ለማስገባት በተደጋጋሚ ተሞክሮ አልያዘም። ክብደቱና ዋጋው ገበሬውን አላመቸውም፤ አፈሩም ሳይጠየቅ ከዚያ ተጠቅሟል።

ችግሩ ያ ያልተነካ ጀርባ ብዙ አለመቆየቱ ነው። ገበሬው ስለሚያውቀው ሁለተኛውን እርሻ በመጀመሪያው ላይ አግድም ያርሳል። ሦስተኛው እንደገና ይሻገራል። ለጤፍ ከሆነ አራት፣ አምስት፣ በአንዳንድ አካባቢ ከዚያም በላይ ይታረሳል። ይህን ያለ ምክንያት አላደረገውም። የጤፍ ፍሬ በአንድ ግራም ውስጥ 3,000 ያህል ትገባለች፤ ይህች ዘር ጓል ላይ ብትወድቅ ትደርቃለች፣ በጓል ሥር ብትገባ አትወጣም። አረሙም በተደጋጋሚ ካልተነቀለ ጤፉን ይውጠዋል። በብዙ ቦታ ከመዝራት በፊት ከብት አስገብቶ ማሳውን ማስረገጥ ሁሉ አለ። የተደጋገመው እርሻ በብዙ ትውልድ ተፈትኖ የጸና ሙያ ነው፤ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከሥር ነው ያለው።

ዋጋው ምን እንደሆነ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ገመሳ ሲጀመር በአፍንጫ ይታወቃል። ያ ሁላችንም የምናውቀው የአፈር ሽታ ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ይመጣል። ገርበርና ሌሼቫሊዬ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1965 ለይተው ስም አውጥተውለታል። ከሚያመነጩት ዋነኞቹ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ፣ እንደ ፈንገስ ክር እየዘረጉ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ናቸው። የሰው አፍንጫ ለዚህ ሽታ ከመጠን በላይ ንቁ ነው፤ በትሪሊዮን ውስጥ ጥቂት ክፍል ብቻ ቢኖር ያውቀዋል። ሽታው የሚጠራው ግን እኛን አይደለም። በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ኮሌምቦላ የሚባሉ ክንፍ የሌላቸው ደቂቅ ስድስት እግር ፍጥረታት በዚህ ሽታ ተስበው ይመጣሉ፣ ባክቴሪያዎቹን ይበላሉ፣ ዘራቸውንም በሰውነታቸው ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያደርሳሉ። የሳንባ ነቀርሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ድል ያደረገው ስትሬፕቶማይሲን መድኃኒት የተገኘው ከእነዚሁ ባክቴሪያዎች ወገን ነው፤ አልበርት ሻትዝ በአሜሪካ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ በዋክስማን ቤተ ሙከራ በ1943 አገኘው። በየሆስፒታላችን ስንቱን ሰው ያዳነ መድኃኒት ነው፤ ምንጩ የእርሻ አፈር ነበር።

ከሽታው ጋር ሌላ የማይሸት ነገር አብሮ ይወጣል። በርች የተባለ ተመራማሪ ናይሮቢ አጠገብ በምትገኘው ሙጉጋ ሲሠራ፣ ደርቆ የከረመ አፈር ውኃ ሲነካው ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ነቅተው በከፍተኛ ፍጥነት እንደሚበሉና እንደሚተነፍሱ በ1958 አሳወቀ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ክስተቱ በስሙ ይጠራል። በደረቁ ወራት የሞቱት ረቂቅ ሕዋሳት ሬሳ፣ ከፈራረሱት ፍርፋሪዎች የወጣው የቆየ ቅጠል፣ ሁሉም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላል፤ ካርቦኑ አየር ላይ ይወጣል፣ ናይትሮጅኑ ለተክል በሚስማማ መልክ ይለቀቃል። በዚህ ላይ ማረሻ ሲጨመር ከዝናቡ ያመለጡት ፍርፋሪዎችም ይከፈታሉ። አፈሩ ለም ሆኖ የሚታየው፣ ቡቃያው የሚጠቁረው ከዚህ የተነሣ ነው። ከጎተራ ወጥቶ እንደሚበላ እህል ግን የሚወጣው ቀድሞ ከተከማቸው ነው። ይባስ ብሎ ናይትሮጅኑ በሚለቀቅበት ሳምንት ማሳው ላይ ገና ሥር የለም፤ ከፊሉ በዝናቡ ታጥቦ ይሄዳል።

ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው በእርሻ ብዙም አይጎዱም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። እንዲያውም ከታረሰ በኋላ ባሉት ቀናት ቁጥራቸው ሊጨምር ይችላል። ቶሎ ይራባሉ፣ ቶሎ ይበላሉ። የሚጎዳው ፈንገሱ ነው፤ አካሉ ራሱ መረብ ስለሆነ መቆረጥ ለእሱ ከቤትም ከሰውነትም መለየት ነው። ከፈንገሶቹም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማይኮራይዛ የሚባለው፣ ከሥር ጋር ተዋዶ የሚኖረው ነው። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው በስኮትላንድ የተገኘ ቅሪተ አካል ይህ ወዳጅነት የመጀመሪያዎቹ ተክሎች ወደ የብስ ሲወጡ እንደነበረ ይመሰክራል። ዛሬም ከምድር ተክሎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት፣ ጤፍን፣ ስንዴን፣ በቆሎን፣ ባቄላን ጨምሮ፣ ከእሱ ጋር ይኖራሉ።

ሥራውን በማይክሮስኮፕ ላየው ሰው ከዚህ የረቀቀ ጥልፍ የለም። ክሩ የሥሩን ቆዳ አልፎ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም እየተከፈለ፣ የተከፈለው እንደገና እየተከፈለ፣ ሕዋሷን የሚሞላ ትንሽ ዛፍ ይሆናል። የሕዋሷ ስስ ሽፋን ግን አይቀደድም፤ እያንዳንዷን ቅርንጫፍ ተከትሎ ይጠመጠማታል። ተክሉ ስኳር ይሰጣል፣ ፈንገሱ ፎስፈረስ ያቀብላል። ያች ዛፍ የምትቆየው ጥቂት ቀናት ነው፤ ከዚያ ትፈርስና ሌላዋ በሌላ ሕዋስ ትሠራለች። ከሥሩ ውጭ ያለው ክር ደግሞ የሥር ፀጉር ከሚደርስበት ብዙ ሳንቲ ሜትር ርቆ ይሄዳል። የደጋችን ቀይ ኮምጣጣ አፈር ፎስፈረስን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጣብቆ ስለሚይዘው፣ ገበሬው የገዛው ማዳበሪያ እንኳ በከፊሉ ለሥሩ የማይደረስበት ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ አፈር ሩቅ የሚደርስ ክር ትልቅ ነገር ነው።

በካናዳ ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ማክጎኒግልና ሚለር በ1990ዎቹ ይህንን በበቆሎ ላይ አጠኑት። አፈሩ ካልተነካ ቡቃያው ሥሩን ሲዘረጋ ካለፈው ዓመት የተረፈውን መረብ ያገኛል፤ ተዘርግቶ ከሚጠብቀው ላይ ይቀጠላል። አፈሩ ሲታወክ ግን መረቡ ስለተቆራረጠ ቡቃያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያገኘው ፎስፈረስ ያንሳል። መረቡ በኋላ ይጠገናል፤ ሳምንታቱ ግን አይመለሱም። ጎመን ዘር የተዘራበት ማሳ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለው፤ የጎመን ወገን ከማይኮራይዛ ጋር ስለማይወዳጅ፣ በዚያ ዓመት ፈንገሱ የሚመግበው አያገኝም። ብዙ ጊዜ በታረሰ ማሳ ላይ ጎመን ዘር ሲቀጥል ሁለት ጉዳት በአንድ ላይ ይወድቅበታል።

የምድር ትሉንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። ቻርልስ ዳርዊን የመጨረሻ መጽሐፉን በ1881 ያሳተመው ስለ እነርሱ ነው። በእንግሊዝ አገር በብዙ ቦታ በአንድ ሄክታር ወደ 25 ቶን የሚጠጋ አፈር በየዓመቱ በሆዳቸው አልፎ ወደ ላይ እንደሚወጣ ገመተ። በትል ሆድ ያለፈ አፈር ከሸክላው፣ ከሙጫውና ከቅጠሉ ጋር ተለውሶ የሚወጣ፣ ከማሳ ላይ ከሚገኙት ጠንካራ ፍርፋሪዎች አንዱ ነው። ማረሻ ትሉን ራሱን ብዙ አይገድለውም፤ የሚጎዳው መንገዱን በማፍረስና የሚበላውን ገለባ በማሳጣት ነው።

ታዲያ ይህን ሥራ እያከበሩ ማረስ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ በአገራችንም የተሞከረ አለ። በትግራይ ገበሬዎች ተርዋህና ደርደሮ የሚሏቸው የቆዩ ልማዶች አሉ፤ በማረሻ ትልም አውጥቶ ውኃ መያዝና መደብ መሥራት ናቸው። ከ2005 ጀምሮ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በዓዲ ጉዶም አካባቢ ይህንኑ ልማድ ወስደው ቋሚ አደረጉት። መደቡ ከዓመት ዓመት አይፈርስም፤ ማረሻው የሚያልፈው በቦዩ ብቻ ነው፣ እሱንም ለማደስ። ከአገዳው ሦስት አሥረኛው ያህል ቆሞ ይቀራል። ማሳውን ለቅቆ የሚሄደው ውኃና አፈር በግልጽ ቀነሰ። በዚህ ሥራ የምወደው አዲስ ዕቃ አለመምጣቱ ነው። ያው እርፍ፣ ያው ድግር፣ ያው በሬ ነው። የተለወጠው መሣሪያው የማይሄድበት ቦታ መወሰኑ ብቻ ነው።

በኮንሶ ደግሞ ጥያቄው ከመነሻው በሌላ መንገድ ተመልሷል። ከ400 ዓመት በላይ የቆየው የእርከን አገር፣ በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ በብዙ ቦታ በሬ ሊዞርበት የማይችል ጠባብ ነው። ገበሬው መሬቱን የሚሠራው በመቆፈሪያ ነው። የድንጋዩን ካብ ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ ይገባዋልም። እኔ ብሆን ካቡ ያቆመውን አፈርም ዝቅ ብዬ እመለከት ነበር።

ግን ማረስን መተው ለሁሉም ቦታ መፍትሔ ነው የሚለውን አልቀበልም። በ2015 ካሜሮን ፒተልኮና ባልደረቦቹ ከዓለም ዙሪያ 610 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑ፣ እርሻን መተው ብቻውን ሲሆን ምርቱን በአማካይ ዝቅ እንደሚያደርግ አገኙ። ገለባው ማሳው ላይ ሲቀርና ሰብል ሲፈራረቅ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል፤ በደረቅ አካባቢ እንዲያውም ምርቱ ይጨምራል። እዚህ ላይ የእኛ ችግር ይጀምራል። ገለባው የበሬው ቀለብ ነው፣ የቤቱም ምርጊት ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋገርበታል። ለፈንገሱ የሚተርፍ ነገር የለም። ገለባ የሌለው ያልታረሰ ማሳ ደግሞ ዝናብ የሚደበድበው ባዶ ምድር ነው፤ አረሙም በማረሻ ካልተያዘ ለመድኃኒት ገንዘብ ይጠይቃል። ለዋልካ አፈር የሚሠራው ሕግም ሌላ ነው፦ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ሲርስ እያበጠ ራሱን በራሱ ይፈረፍራል፤ እዚያ ዋናው ሥራ ውኃውን ማጠንፈፍ ነው፣ አየር ያጣ ዋልካ ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ለሚለውጡት ባክቴሪያዎች ይለቃልና።

ስለዚህ ከሁለት ጽንፍ መካከል ያለው ትንንሹ ሙያ ነው የሚማርከኝ። አምስት ጊዜ የሚታረሰውን አራት ማድረግ፤ ሁለተኛውን እርሻ በተዳፋቱ አግድም ብቻ ማቆየት፤ ከጤፍ በፊት ባቄላ ማስቀደም። የባቄላ ሥር ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች በጥፍር ብትሰነጥቋቸው ውስጣቸው ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቀለሙ በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር ነው፣ ኦክስጅኑን እየመጠነ ናይትሮጅን ያዢዎቹን ባክቴሪያዎች ይጠብቃቸዋል። ምስርና ሽምብራ ግን ብዙ ጊዜ ከነሥራቸው ይነቀላሉ፤ በማጭድ ቢታጨዱ ያ ሁሉ ሥር ከነክሩ ከነሙጫው ለሚቀጥለው ሰብል በቦታው ይቀር ነበር።

ከእነዚህም ሁሉ በላይ የቀኑ ምርጫ አለ። ብዙ የረጠበ አፈር ሲታረስ ድግሩ ግድግዳውን ይለስነዋል፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ከሥርም ጠንካራ ንጣፍ ይፈጠራል። ብዙ የደረቀ ሲታረስ ደግሞ ፍርፋሪው ወደ አቧራ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል አፈሩ በመገጣጠሚያው የሚላቀቅበት ጥቂት ቀን ብቻ ነው ያለው። ልምድ ያለው ገበሬ እፍኝ ይዞ ይጨብጣል፣ በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ከለሰነ ይመለሳል፣ ከፈረፈረ ይጠምዳል። ይህን ፍርድ በየትኛውም መሣሪያ ከሚለካው አስቀድሜ አምነዋለሁ። ነገር ግን አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ በተራ ያርሳል፤ አፈሩ ሲደርስ ተራው የጎረቤቱ ሊሆን ይችላል፣ ተራው ሲደርስ አፈሩ ያለፈ። ስለ አፈር ሕይወት የሚጽፉ፣ የሚያስተምሩና በጀት የሚመድቡ ሰዎች ከማዳበሪያው ዝርዝር ጎን፣ በዚያች ቀን ማን በሬ እንዳለውና ማን እንደሌለው ቢጽፉ እወዳለሁ።